መርዶ በፊሊፒንኛ

ክብረት አስረስ ለቡ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። ሚስማር፣ ቀለም፣ ሽቦ፣ የቧንቧ ዕቃ ትሸጣለች። ዕድሜዋ ያለፈው ከግንበኛና ከቀለም ቀቢ ጋር ስትከራከር ስለሆነ ምላሷ መጋዝ ነው ይሏታል፤ እሷም እንዲህ ሲሏት ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ግን የሰው ነገር ከልቧ ሲያናድዳት አትጮኽም። ዝም ትላለች። ያኔ ነው መሸሽ።

ታናሽ ወንድሟ ሚሳኤል ከዱባይ ፊሊፒናዊት ሚስት ይዞ ላፍቶ ካለው የአባታቸው ግቢ የገባ ጊዜ ዝም አለች። የአገር ሴት ጠፍቶ ነው ወይ? ልጅቷ ማሪሴል ትባላለች፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሥራ የማይከብዳት ናት። ክብረትን «አቴ» አለቻት። በእነሱ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ከእኛ «እቴ» ብዙም አይርቅም። ክብረት በዚህ ትንሽ ለዘብ ብላ ነበር፤ ነገር ግን ማሪሴል በየጠዋቱ ከእናቷ ጋር በስልክ መንሾካሾክና መንከትከት ጀመረች። ሐሜት በማያውቁት ቋንቋ ሲሆን ይብሳል። በገዛ ግቢዬ እኔን ልታማ? ቆይ ብቻ፣ አለችና አንድ ቀን ፊቷ ቁጭ ብላ ቋንቋሽን አስተምሪኝ አለቻት። እንግዲህ ክብረት ፊሊፒንኛ የጀመረችው በፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ በእልህ ነው።

ቋንቋውም እልህ የሚያስጨርስ ሆነ። እኛ ሰው ነንና ባለቤቱን እናስቀድማለን፣ ነገሩን እናስከትላለን፣ ድርጊቱን መጨረሻ ላይ እንደ ማኅተም እናሳርፋለን። እነሱ ድርጊቱን ገና ከበር ይወረውሩታል። «ኩማይን ና ሲ ሚሳኤል።» በላ መጀመሪያ፤ «ና» መብላቱ ማብቃቱን ትናገራለች፤ የበላው ሰውዬ በመጨረሻ ይመጣል። ደግሞ የሰው ስም ሲሆን «ሲ» ይቀድመዋል፣ ዕቃ ወይም እንስሳ ሲሆን «አንግ»። ክብረት አማርኛ አስተሳሰቧን ይዛ ድርጊቱን ወደ ኋላ ትጎትታለች፣ ማሪሴል ወደ ፊት ትመልሰዋለች። አንድ ጠዋት ሚሳኤልን «አንግ» አለችውና ማሪሴል እየሳቀች ባሌን ዕቃ አደረግሽው አለቻት። አልተሳሳትኩም፣ አለች ክብረት።

የሐሜቱ ነገር ግን ከሰመ። ቋንቋው ትንሽ ሲገባት፣ እናትና ልጅ የሚያወሩት ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ጣሪያ፣ ማሪሴል ስለወለደቻት ሕፃን ጥርስ ሆኖ ተገኘ። አሮጊቷ ዓሣ ቸርቻሪ ናት፤ የፊት ጥርስ የላትም፤ ስልኩን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ነው የምታወራው። ሁሉም «ናናይ» ይሏታል፣ እማዬ ማለት ነው። ክብረትን ባየቻት ቁጥር «ኩማይን ካ ና ባ?» ትላታለች፤ በልተሻል ወይ? እናቷ ከሞተች ወዲህ በልተሻል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ክብረት ሱቋን ሳትከፍት በፊት የናናይን ድምፅ ካልሰማች ቀኑ አይቀናትም ነበር። አንድ ጊዜ አሮጊቷ አዝና «ናማታይ ና አንግ ባቦይ» አለች፤ አሳማው ሞተ። ክብረት አፏ ለምዶባት «ነፍስ ይማር!» ስትል፣ ማሪሴል ተረጎመችላትና ናናይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለአሳማ ነፍስ ይማር ያለች የተዋሕዶ ልጅ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ከዕለታት አንድ ማክሰኞ ክብረት ሱቋ ውስጥ ቆርቆሮ እየቆጠረች ሳለ የማሪሴል ወንድም ጁን ደወለላት። የእህቱ ስልክ ዝግ ሆኖበት ነው። እያለቀሰ ስለነበር ብዙው ነገር አመለጣት፤ አንዷን ግን ሰማች። «ናማታይ ና ሲ ናናይ።» ቆርቆሮው ከእጇ ወደቀ። ጁን እንባውን ጠርጎ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያለ ነገራት፦ አስከሬኑ ቤት ነው፣ ቀብሩ ቅዳሜ ነው፣ ማሪሴል ትየን።

ሱቋን ዘግታ ወደ ላፍቶ በረረች። ሚሳኤል ለካ ከትናንት ጀምሮ ያውቃል። መልእክቱን ከማሪሴል ስልክ ላይ ቀድሞ አይቶ፣ ተበላሽቷል፣ ላሠራው ብሎ ስልኩን የወሰደው እሱ ነው። አጎታቸው ጋሽ ሙሉሰው ሳሎን ተቀምጠው ነገሩን ወስነው ጨርሰዋል፤ እሑድ ማለዳ ዘመድና የእድር ሰው ተሰብስቦ መርዶው በወጉ ይነገራታል። ጡት የምታጠባ ሴት በድንገት ብትሰማ ወተቷ ይደርቃል፣ ብለዋል።

መርዶ ክፉ ወግ ነው ያለ የለም። ክብረት ራሷ የእናቷን ሞት የሰማችው ሽማግሌዎች በሌሊት ከበዋት፣ እጇን ይዘው ነው፤ ያን ባያደርጉላት ምን ትሆን እንደነበር ታውቃለች። ግን ይህ ሌላ ነው። እዚያ አገር ሬሳ ቤት ውስጥ ይሰነብታል፣ ሰዉም ልክ እንደኛ የለቅሶ ድንኳን ካርታ እየተጫወተ ያመሻል፣ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ በስልክ ገብቶ ከሳጥኑ ጎን ያለቅሳል። ማሪሴል ዱባይ ሳለች አባቷን የሸኘችው እንዲህ ነው። ያንን ባላይ አብድ ነበር ያለችው እዚችው ሳሎን ውስጥ፣ ሚሳኤል እየሰማ ነው። ክብረት ይህን ሁሉ ተናገረች። ጋሽ ሙሉሰው ቀብሩ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ ብታውቅ ምን ልትፈይድ ነው አሉ። ወደ ወንድሟ ዞረች። ሚሳኤል ምንጣፉን እያየ፣ ጋሼ እንዳሉት ይሁን አለ።

አይ ወንድ! በማግስቱ የሚስቱን ፊት ላለማየት ሥራ አለኝ ብሎ ሐዋሳ ወረደ። ፊቷን ለማን ጥሎ? ለክብረት። ማሪሴል ረቡዕ ናናይ ምነው ጠፋች፣ ስልክሽን ስጪኝ አለቻት። ክብረት ዳታዬ አልቋል አለች። ሐሙስም ጠየቀቻት፣ ሐሙስም ዳታው አልቆ ዋለ። ለሰው ልክ ልኩን የምትነግር ሴት ጓዳ ገብታ የገዛ እጇን ነከሰች። ተናደደች፤ በሚሳኤል፣ በሽማግሌው፣ በራሷ፣ ወግ ሲባል አፏን በሚይዘው ነገር ሁሉ ተናደደች።

ዓርብ ጠዋት ማሪሴል ዳይፐር እየቀየረች ሳለ ክብረት ገባችና ሕፃኗን ተቀበለቻት። በገዛ ቋንቋዋ ልትነግራት ቆርጣለች። በአማርኛ ቢሆን መንገዱን ታውቀዋለች፤ ትንሽ አሟት ነበር፣ ሐኪም ቤት ገብታ ነበር፣ እያሉ ዙሪያውን መዞር ነው። ፊሊፒንኛዋ ግን የጀማሪ ነው፣ ዙሪያ የለውም። ያላት ያቺው የሚሳኤል መብላት የተነገረባት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት።

«ናማታይ ና ሲ ናናይ።»

ማሪሴል ፈገግ አለች። ጀማሪ ተማሪዋ ዛሬም የተደናበረች መሰላት። እንደወትሮው በርጋታ አረመቻት።

«አይ አቴ፤ አንግ ባቦይ።»

ክብረት አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አልደገመችውም። ስልኳን አውጥታ ጁን ጋ ደወለችና ሰጠቻት።

ለቅሶው ይቅር። ማሪሴል ያን ቀንና ቅዳሜን ሙሉ ከስልኩ አልተነሣችም፤ ክብረት ሱቋን ዘግታ፣ ዳታ እየሞላች፣ ሕፃኗን ለጡት እያቀረበች አብራት ተቀመጠች። ሳጥኑ ሲዘጋ አዩ። አፈሩ ሲገባ አዩ። ወተቷም፣ ጋሽ ሙሉሰው ይስሙልኝ፣ አልደረቀም።

እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በቀስታ ገቡ። ሚሳኤልም ከሐዋሳ ተመልሶ ከኋላቸው ነው፤ ያን የተበላሸ የተባለ ስልክ በእጁ ይዟል፣ ተሠርቷል ሊላት። ማሪሴል ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጋሽ ሙሉሰው ማን ነገራት ብለው ወደ ክብረት ዞሩ፤ ክብረት እኔ አለች። አንቺ ወግ አፍራሽ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ማሪሴል ቀደመቻቸው። ሽማግሌውን አላየችም፤ ባሏን ነው ያየችው። አማርኛዋም እንደ አገሯ ቋንቋ ነው፣ ድርጊቱ ይቀድማል።

«ቀበርኳት እናቴን፣ ትናንት። ቆመች አቴ ከእኔ ጋር። የት ነበርክ አንተ?»

ሚሳኤል ስልኩን እንደዘረጋ ቀረ። የሚቀበለው አልነበረም።