ለአኮርዲዮን የተዘፈነበት ቅዳሜ

በደርግ ጊዜ የአንኮበር ትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ አለው ይባል እንጂ፣ ያለው ጅማቱ የተበጠሰ አንድ ክራርና ከቆርቆሮ የተሠራ ከበሮ ብቻ ነበር። ከደብረ ብርሃን የመጣው መምህር «አኮርዲዮን ሳይኖር ምን ላስተምራቸው?» ብሎ ቀበሌውን ወተወተ። ለመግዣው በገበያ ቀን በቀበሌው አዳራሽ ትርዒት ይታይ፣ ሰው ከፍሎ ይግባ ተባለ። የልጆቹን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዋናዋ ዘፋኝ አጥር የምንጋራው የጎረቤቴ ልጅ ነበረች፤ ታላቅ ወንድሟ ሰሜን፣ ጦር ግንባር ነበር።

ትርዒቱ ሁለት ቀን ሲቀረው የዕድራችን ዳኛ ወደ ጓሮ ጠርተውኝ፣ «ያ ልጅ ወድቋል፤ ወረቀቱ ቀበሌ ደርሷል» አሉኝ።

«ለእናቱስ መቼ ይነገራት?»

«የልጁ አጎት ከመዘዞ ሳይደርስ አናረዳትም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ቅዳሜ ልጅቱ እንዴት ትዘፍናለች?»

«ብናስቀራት እናትየዋ ለምን ትላለች። ምን ልንላት ነው?»

በኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው። ዘመድ እስኪሰበሰብ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ ሳታውቅ ከሰው ጋር ትስቃለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ከአሊዩ አምባ በርበሬ ይዞ የወጣ ነጋዴ በር ላይ መምህሩን፣ «አህያዬም ይከፍላል ወይ?» አለው። መምህሩም፣ «ከዘፈነ በነፃ ይግባ!» አለ። የሳቁት ወሬውን ያልሰሙት፣ ከቆላ የወጡት ብቻ ናቸው።

ጎረቤቴ ከጎኔ ተቀመጠች። «አንቺ፣ ቀሚሱን እንዴት አሳምረሽዋል! ወንድሟ ባየልኝ!» አለችኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ልጅቱ ወጥታ የመኸር ዘፈን ጀመረች፤ ደስ የሚል፣ የሚያስጨፍር። መቼም ዘፋኝ ሲሸለም ሸላሚው ትከሻውን እየሰበቀ ወጥቶ ብሩን ግንባሯ ላይ ይለጥፋል፣ ሰዉ እልል ይላል። የዚያን ቀን መጀመሪያ የተነሡት የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ትከሻቸው አልተነቃነቀም። ብሩን ለጠፉ፣ ልጅቱን ሳሟት፣ ፊታቸውን አዙረው ተመለሱ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሌላው። ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው በዝምታ ተሰለፉ። በርበሬ ነጋዴው ሊያጨበጭብ እጁን አንሥቶ ግራ ቀኝ አየና መልሶ አወረደው። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም፤ ግን እናትየዋ ፊት ማን ይጨፍራል? በአፋችን የደበቅነውን ትከሻችን አወጣው።

ልጅቱ ሽልማቱ ሲበዛ አምሮልኛል ብላ ድምጿን ከፍ አደረገች። የእናቷ እጅ ጉልበቴን ጨመደደኝ።

«ማነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ተይ እህቴ። ለዘፈን እንዲህ አይሰጥም። ልጄ ነው አይደል?»

እጇን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። እሷም መልሱን ከዚያው አገኘች።

ዳኛው አይተውን ተነሡ። ትጮሃለች፣ ደረቷን ትደቃለች ብዬ ልይዛት ተዘጋጀሁ። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆየችና፣ «ትጨርስ» አለች። «አሁን ብጮህ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ልትዘፍን በተነሣች ቁጥር የኔን ጩኸት ነው የምትሰማው።»

ልጅቱ ጨርሳ እጅ ነሣች። እናቷ ብድግ ብላ እልል አለች። በዚያ አዳራሽ የተሰማው እልልታ ያ ብቻ ነው። ከዚያ ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች። በራቸው ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ፣ እንደ ሐዘንተኛ። ልጅቱ አየቻት። «እማዬ?» ስትል ከኋላቸው ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ የተገኘውን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥሮ ድንኳኑ ድረስ አመጣ። «ለተዝካር ይሁንሽ» አላት። «ልጄ የዘፈነችው ለአኮርዲዮን ነው» ብላ መለሰችለት።

አኮርዲዮኑ ክረምቱ ሲወጣ ከአዲስ አበባ መጣ። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ መምህሩ፣ ሐዘንተኛ አጠገባችን እያለ አይነካም ብሎ ቆለፈበት። አንድ ቀን እናትየዋ ጥቁሯን እንደለበሰች ልጇን አስከትላ ገባች።

«ምነው፣ ገና ሳይነካ ተበላሸ እንዴ?»

መምህሩ ቁልፉን አነሣ። ሄዶ አወጣው። ልጅቱ ተቀበለችውና ከፈተችው፤ የወጣው ድምፅ የዛገ በር ሲጢጥ ሲል ይመስል ነበር። ልጆቹ ሳቃቸውን አፈኑ። እናትየዋ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ «እንደገና» አለቻት።