አናቴ ላይ የቀለጠው ቅቤ

ባለፈው ሳምንት ከቢቸና ወደ ሞጣ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አናቷን ለጋ ቅቤ የተቀባች ልጅ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ሙቀቱ ሲበረታ ቅቤው በጆሮዋ ሥር እየወረደ ሽታው መኪናውን ሲሞላው፣ ተሳፋሪው ሁሉ "ኧረ መስኮት ክፈቱ!" ሲል እኔ ብቻ ጠጋ ብዬ እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ፣ አምስተኛ ክፍል ተመልሼ ገባሁ።

ሞጣ ስንማር ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ፣ ብርዳችንን ሲረግም የሚውል የሳይንስ መምህር ነበረን። "ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ" እያለ ካስሸመደደን በኋላ፣ እያንዳንዳችን ከጠጣር ወደ ፈሳሽ የሚለወጥ ነገር አምጥተን እንድናሳይ አዘዘ፤ ከአሥር ይታረማል። ሳይንስ ልወድቅ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝና እናቴን ቅቤ ለመንኳት። "ቅቤ ለትምህርት? ሰማይ ቢታረስ!" አለች። ኋላ ግን ፊቴን አይታ ሆዷ ባባና፣ "ነይ እሺ፣ አናትሽ ላይ ላድርግልሽ፤ እሱ እንኳ አይባክንም" ብላ እንቁላል የሚያህል ነጭ ቅቤ ሹሩባዬ መሐል አስቀመጠችልኝ።

እንግዲህ ጭንቀቴን አስቡት! ተራዬ እስኪደርስ መቅለጥ የለበትም። ጥላ ጥላውን ይዤ ሄድኩ፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከረጅሟ ጓደኛዬ ከስንዱ ጀርባ ተሸጎጥኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ስሜ የሺ ነው፤ መምህሩ ከ"ሀ" ጀምሮ እየጠራ የዚህን ሻማ፣ የዚያን ሞራ ሲያይ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አናቴ ላይ አረፈች። ስጠራ ቅቤው አፍንጫዬ ጫፍ ደርሷል።

"ጠጣሩ የታለ?" አለኝ መምህሩ።

"ነበረ፣ መምህር..." ብዬ እንባዬ መጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስንዱ ብድግ ብላ፣ "እውነቷን ነው፤ ጠዋት ጠጣር ነበር፣ በማርያም እኔ ምስክር ነኝ!" አለች።

መምህሩ ሳቁን እየዋጠ ከአገጬ ሥር በቆርቆሮ ክዳን ጠብታውን ተቀበለና፣ ክዳኑን ከእንስራ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንሳፈፈው። ስልሳ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ከበበው። ቀስ በቀስ ዳር ዳሩ ነጣ፣ ከዚያ መሐሉ፤ "ረጋ!" ብለን ስንጮህ የጎረቤት ክፍል መምህር እሳት የተነሣ መስሎት ሮጦ መጣ። "እናንተ መሄዱን ብቻ አሳያችሁኝ፣ የሺ መመለሱንም አሳየች" አለ የእኛው መምህርና አሥር ከአሥር ሰጠኝ። እሰይ!

ፊቴን ሳልታጠብ ቤት በርሬ ለእናቴ ነገርኳት። ጉንጬን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ "እኔስ ስንት አገኘሁ?" አለችኝ። ሳቅኩና ወደ ጨዋታዬ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ እኔም አስተማሪ ሆኜ ለስንቱ ልጅ ማርክ ስሰጥ ኖርኩ፤ የእሷን ሳልነግራት ግን ሞት ቀደመኝ።