ወንድሜ ስስታም መሆኑን ያስመሰከርንበት ቀን

ነፍስ ይማር ማለት በእኛ በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን አይወደድም። ስለዚህ በቀጥታ ልናገር፤ ታላቅ ወንድሜ ስስታም ነበር።

የአንድ ነጋዴ ጂፕ ይዞ በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል ታክሲ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከአዲሎ ሕመምተኛ እንዲያመጣ መልእክት ተልኮለት ባዶ መኪና ይዞ ሲሄድ፣ ፍሬኑ እንቢ አለውና ገደል ገባ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እናታችንን የሚጦራት እሱ ነበር። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ሕጉ ካሳ ይሰጣል ሲሉ ሰምቼ ነበርና፣ ዘጠነኛ ክፍል ደርሻለሁ ብዬ አቤቱታውን ራሴ ጻፍኩ።

ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "ደግ ነበር፣ ድሃውን በነፃ ይጭን ነበር" ሲል ሰነበተ። ውሸት መሆኑን ባውቅም ደስ አለኝ። እናም "ደጉ ወንድሜ ሕመምተኛዋን በነፃ ሊያመጣ ሲሄድ" ብዬ ጻፍኩት።

ይህ ችሎት ላይ ሲነበብ የባለ መኪናው ፊት በራ።

"ክቡር ዳኛ፣ እኔ የቀጠርኩት ከፋይ እንዲጭን ነው። በእኔ ቤንዚን ለጽድቅ ከሄደ ካሳውን እዚያው ሰማይ ቤት ይቀበል!"

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት በነፃ ነበር?"

"አይደለም ጌታዬ።"

"ታዲያ ለምን ጻፍክ?"

"ለቅሶ ላይ... እንደዚያ ነው የሚባለው።"

"ይህ ለቅሶ ቤት አይደለም። ምስክር አለህ?"

እናቴ ተነሥታ በሀዲይኛ ተናገረች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ዳኛው ግን አስተርጓሚው ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቁ።

"ልጄ ማንንም በነፃ አይጭንም ነው የሚሉት። ከሆመቾ ሲመጡ እሳቸውን እናቱን አስከፍሏቸዋል። ለዶሯቸውም ለብቻዋ ተቀብሏል።"

ባለ መኪናው ብድግ አለ። "የዶሮዋንማ አላስረከበኝም! ሳይቀበል ሰው እንደማያሳፍር አውቃለሁ፣ ግን የዶሮዋን..." ብሎ አፉን ያዘ። ዳኛው ጽፈውት ነበር። ካሳው ለእናቴ ተፈረደ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"መዝገቡ ላይ ስስታም ተብሎ ተጻፈ?"

"ተጻፈ።"

ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም። ስለ እሱ አንድ ጥሩ ነገር ልላት ፈለግሁ፤ እውነት የሆነ። ቶሎ አልመጣልኝም።

"መንዳቱን ግን ይችልበት ነበር" አልኳት።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ አየችኝ። "ታዲያ ምን ነበር እሱን ብትጽፍ?"