በደከመ ድንጋይ የጨፈርንበት ካሴት

ዛሬ ቴፒ እቤት ቁጭ ብዬ በልጅነቴ የጨፈርኩበትን የእንግሊዞች አልበም ከስንት ዘመን በኋላ በስልኬ ከፈትኩት። ያ ኮስታራ ጊታር፣ ያ ኪቦርድ አለ። ግን ለካ ፈጣን ነው።

እኔ የማውቀው ዝግ ያለውን ነው። የታላቅ ወንድሜ ቴፕ የባትሪ ድንጋዩ ሁልጊዜ የደከመ ነበር። ድንጋዩን ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ከቡናው ጋር ፀሐይ ያስመታውና ትንሽ ነፍስ ሲዘራ መልሶ ይከተዋል። ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎትታል፤ የሰፈሩ ልጆችም እየተጎተትን እንጨፍራለን። እንግሊዝኛ ራሱ እንደዚያ የሚነገር ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ሲሰማ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ያኔ አዲስ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?" አልኩት።

"አዲሱማ ነበር። ለእጅ ባትሪው ነበር የማደርገው። ቴፑ ሲፈጥን አንቺ አልችልም ብለሽ ጥግ ትቀመጫለሽ።"

ለማታውቁኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ እግሬን አነክሳለሁ።

ያን ሁሉ ጊዜ ግቢው በሙሉ በእኔ እግር ልክ ሲጨፍር እንደነበር ያወቅኩት ዛሬ ነው። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እናንተንስ፣ ሳይነግራችሁ ዝግ ብሎ የጠበቃችሁ ማን ነው?