ከመቶ ስምንቱ

ሰፈሩ በሙሉ «ታፔላ» እያለ ነው የሚጠራው። የሱቅ፣ የመድኃኒት ቤትና የጋራዥ ስም ከበር በላይ ይጽፋል፤ በመንገዱ ላይ አንድ የተንጋደደ ፊደል ካየ ምሳው አይወርድለትም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ በእጁ ላይ የቀረችውን ታናሽ እህቱን በቀለም ብሩሹ አሳድጎ ራሷን አስችሏታል። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ትውላለች፤ የሁለቱም ኑሮ ከብሩሹ ይልቅ በመኪናዋ ላይ ነው የቆመው።

አንድ ቀን መንገድ ማዶ ዕጣ ቤት ተከፈተ። ሽልማቱ ትልቅ ነው፣ ትኬቱም ውድ። ደንቡ የማሸነፍ ዕድሉ በሩ ላይ ይጻፍ ስለሚል፣ ባለቤቱ ታፔላን አስጠርቶ «ከመቶ ትኬት ዘጠና ሁለቱ ባዶ ነው» ብሎ አስጻፈ። እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ያለ እውነት ደጃፉ ላይ ሰቅሎ ማን ይገባለታል? ሰው እያነበበ፣ ፈገግ እያለ ያልፋል። ባለቤቱ ዝንብ እሽ ሲል ሰነበተ።

«አንተ ሰው፣ ቤቴን ዘጋኸው እኮ!» አለው።

ታፔላ ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «ቁጥሩን አልነካም፣ ጌታዬ። ፊቱን ላዙረው እንጂ።»

ያንኑ ሰሌዳ ነጭ ቀባና በደማቅ ቢጫ፣ ከማዶ እንዲታይ አድርጎ፣ «ከመቶ ትኬት ስምንቱ አሸናፊ!» ሲል ጻፈበት። ከሥሩ ስምንት የሚስቁ ፊቶች ደረደረ። መቶው ያው መቶ ነው፤ የተጨመረ ነገር ቢኖር ሳቁ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሰልፍ! ታፔላ ዓይኑን ማመን አቃተው። ባለፈው ሳምንት «ገንዘቡን የሚበትን ሞኝ ማን ነው?» ብሎ ያለፈው ፀጉር አስተካካይ ራሱ፣ መቀሱን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ ተራ ይጠብቃል። ታፔላ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ግን ያን ቀን ተረት የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። «ያንኑ ነገር ገልብጠህ አቅርብለት፣ ሰው አዲስ ነው ይልሃል!» እያለ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ አወራ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም ብሎም ኮራ።

ዕጣው በወጣበት ዕለት ማታ ቤቱ ሲገባ ጸጥታው አስደነገጠው። ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ባዶ ነው። እህቱ ወንበሯ ላይ እንደ ወትሮዋ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ግን መኪናዋ የለችም።

«ምነው? ሌባ ገባ እንዴ?»

«ጠዋት ሸጥኳት፣ ጋሼ። በዋጋዋ አምስት ትኬት ገዛሁ። አምስቱም ባዶ።»

ታፔላ ክው አለ። እህቱ አታለቅስም፤ እሱን ይበልጥ ያስፈራው ይሄ ነው።

«እንደ ነገ ሁለት መኪና ገዝቼ ሠራተኛ ልቀጥር ነበር» አለች። «አንተንም ከመሰላል ላይ ላወርድህ።»

«ምነው ብትጠይቂኝ! ምን ነካሽ?»

«ምኑን ልጠይቅ? የጻፍከው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ባላመንኩ።»

«አልዋሸሁም እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ስምንቱ ያሸንፋል ማለት ዘጠና ሁለቱ ባዶ ነው ማለት ነው! ያው ነው!»

«የቱ ዘጠና ሁለት?»

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሥራ በዝቶባት ወጥታ አላየችውም ነበር። ታፔላ የልብስ ቁልፍ የምታስቀምጥበትን ጣሳ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። መቶ ቆጥሮ በተናቸው። ስምንቱን ለብቻ ለየና፣ «ይኸውልሽ፣ አሸናፊዎቹ እነዚህ ናቸው» አላት።

እሷ ግን ወደ ስምንቱ አላየችም። ከወንበሯ ወርዳ ተንበረከከችና፣ እስከ አልጋው ሥር ድረስ የተበተኑትን ዘጠና ሁለት ቁልፎች በመዳፏ እየዳሰሰች ቆየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ» አለች ቀና ብላ፣ «ይሄን ሁሉ የት ደብቀህብኝ ነበር?»