ሠላሳ አንድ ጥንድ ተጠርጣሪ ካልሲ

እ.ኤ.አ. በ1918 ጸደይ፣ አሜሪካ ከጀርመን ጋር ስትዋጋ፣ በአይዋ ግዛት የማርሎው ከተማ ሰዎች ባንዴ አርበኛ ሆኑ። አርበኝነታቸው የጀመረው ከጎመን ነው። ኮምጣጣው የጀርመን ጎመን በየግሮሰሪው «የነጻነት ጎመን» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት፤ ያው ጎመን፣ ያው በርሜል፣ ያው ሽታ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ውስጥ የጀርመንኛ መማሪያ መጻሕፍት ተቃጠሉ። ከዚያ የጫማ ሰፊው እግረ አጭር ውሻ፣ ዘሩ ከጀርመን ነው ተብሎ፣ በድንጋይ ተሳደደ። ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ ለመዋጋት ለማያስብ ሰው ውሻ ቅርብ ነው።

ቪብከ ሮቨር ይህን ሁሉ ከእርሻዋ ሆና ሰማች። በአራት ዓመቷ ከጀርመን አገር፣ ከሆልስታይን፣ በመርከብ መጥታ፣ አርባ ሁለት ዓመት የአይዋን በቆሎ ስትኮተኩት የኖረች፣ ባሏንም እዚያው የቀበረች ሴት ናት። አንድ ልጇ ዩርገን የአሜሪካን ወታደር ልብስ ለብሶ ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ነበር። ስለዚህ እኔን የሚነካኝ የለም ብላ ነበር። እሷን ያሳሰባት የልጇ እግር ነው። ዩርገን በዘጠኝ ዓመቱ ከበረዶ ውስጥ ጥጃ ሲጎትት ሁለቱም እግሮቹ በብርድ ተመተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሻካራ ካልሲ ከነካቸው ይቆስላሉ። ካልሲውን ሁልጊዜ የምትሠራለት እሷ ነበረች።

በዚያ ዓመት ያለ አዛዥ ፈቃድ ከቤት ወደ ግንባር ጥቅል መላክ ክልክል ነው። የቀረው መንገድ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ ላይ የሚሰበሰበው የሴቶች የሹራብ ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ የሠራውን በሣጥን አሽጎ የአካባቢው ልጆች ወዳሉበት ጦር ይልካል። ቪብከ በየማክሰኞው እየመጣች፣ የማኅበሩን ግራጫ ክር እየወሰደች፣ በአራት ወር ሠላሳ አንድ ጥንድ ሠራች። እዚያ ቤት ስድስት ጥንድ ለጨረሰች ሴት ይጨበጨብ ነበር። በእያንዳንዱ ካልሲ አፍ ላይ አንዲት አጭር ሰማያዊ ክር ታስገባለች፤ እናቷም ጥንዱ እንዳይለያይ እንዲህ ታደርግ ነበር። ዩርገን ሲዘምት ባቡር ጣቢያው ላይ «ሣጥኑ ሲመጣ ሰማያዊ ክር ያለበትን ፈልግ» ብላዋለች።

ያስጠመዳት ፍጥነቷ ነው። ክሩን እንደ ሆልስታይን ሴቶች ሁሉ በግራ እጇ ትይዛለች፤ የማርሎው ሴቶች ግን በቀኛቸው ይይዙና ለያንዳንዷ ቀለበት መርፌው ላይ ይጠመጥሙታል፤ ስለዚህ ይዘገያሉ። ቪብከ ራሷ የካልሲ ተረከዝ አሠራር ያስተማረቻት ጎረቤቷ ሜብል ስቶክስ አሥር ዓመት ሙሉ ይህን ስታይ ኖራ አንድ ማክሰኞ ገና ያኔ ታያት።

«ክሩን በግራሽ ነው እንዴ የምትይዢው?»

«ተረከዝ ሳሳይሽ ዐይንሽን ጨፍነሽ ነበር?»

«አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ» አለች ሜብል፤ በማግሥቱ ግን ነገሩን ለማኅበሩ ሊቀመንበር አደረሰች።

ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ኮርኔሊያ ፕሩት የእህል ጎተራው ባለቤት ሚስት ናቸው። ጦርነቱ እስኪመጣላቸው ድረስ የሚያዙት ሰው አጥተው ጽጌረዳ ሲገርዙ የኖሩ ሴት ናቸው። ሰላዮች በሹራብ ውስጥ ምስጢር እያስገቡ ይልካሉ የሚል ወሬ ጋዜጣ ላይ አንብበው ስለነበር ሜብል ተናግራ ሳትጨርስ ገባቸው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቪብከ ፎቅ ስትወጣ ሠላሳ አንዱ ጥንድ ገና ካልተላከው ሣጥን ወጥቶ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ከጎኑ፣ ባንድ ወቅት የባቡር ጣቢያው ቴሌግራም ሠራተኛ የነበሩት አቶ ክዊል አጉሊ መነጽር ይዘው ተቀምጠዋል።

«ወይዘሮ ሮቨር፣ ይቺ ሰማያዊ ክር ምንድን ናት?» አሉ ወይዘሮ ፕሩት።

«ልጄ እንዲያውቀው ነው።»

«ምኑን እንዲያውቅ?»

«የኔ መሆኑን።»

ወይዘሮ ፕሩት ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ምልክት መሆኑን በራሳቸው አፍ አመኑ። ጻፊው ሜብል።»

ሜብል ጻፈች።

አቶ ክዊል የካልሲውን አፍ በመነጽራቸው እየዞሩ አዩት። «ሁለት ገባ ያለ፣ ሁለት ወጣ ያለ። ሁለት ገባ፣ ሁለት ወጣ። ዙሩን ሁሉ እንዲሁ ነው።»

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ፕሩት።

«ምንም አይልም» አሉ አቶ ክዊል። «ቢነበብማ ምኑን ምስጢር ሆነ?»

ሴቶቹ እንደገባው ሰው ተያዩ።

«የእርስዎም ካልሲ አፉ እንዲሁ ነው፣ ወይዘሮ ፕሩት» አለች ቪብከ። «እንዲያ ካልተሠራ ከእግር ላይ ይወርዳል።»

እውነቷን ነው። የሊቀመንበሯ ካልሲ ጭናቸው ላይ ነበር፤ ሁለት ገባ፣ ሁለት ወጣ። ቤቱ ሙሉ አየው።

«የኔን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ፕሩት። ይህም እንደ መልስ ተቆጠረ።

የተደበቀ ነገር ካለ እንዲገኝ ካልሲዎቹ ይተርተሩ ተባለ። ቪብከ ለመነች። «አንድ ጥንድ ብቻ ተዉልኝ። ልጄ እግሩ ደህና አይደለም።» አቶ ክዊል «ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራዎታል?» አሏት። ሃያ ሴቶች ከሰዓቱን ሙሉ ተረተሩ። ያገኙት ክር ነው። ምንም አለመገኘቱን አቶ ክዊል የተጠርጣሪዋ ብልጠት ማስረጃ ብለው መዘገቡት። ዛሬ ስለነዚያ ሴቶች ሲወራ «ምን ያድርጉ፣ ፈርተው ነው» የሚል አይጠፋም። አልፈሩም። የፈራ ሰው ኬክ ጋግሮ አይመጣም፤ በዚያ ማክሰኞ እዚያ ፎቅ ላይ ሦስት ዓይነት ኬክ ነበር።

ክሩን የማኅበሩ ሴቶች በቀኝ እጃቸው መልሰው ካልሲ አደረጉት። ቪብከ ሁለተኛ እዚያ ፎቅ እንዳትወጣ ተነገራት፤ የቤቷም በር የከዳተኛ ምልክት የሆነው ቢጫ ቀለም ተደፋበት። ሜብል መንገድ ላይ ስታያት የሱቅ መስኮት መመልከት ጀመረች።

በኅዳር፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ከፈረንሳይ ሆስፒታል ደብዳቤ መጣ።

«እማ፣ የማርሎው ሣጥን መስከረም ላይ ደርሶን ነበር። እስከ ታች ገልብጬ ፈለግሁ፣ ሰማያዊ ክር የለም። ደብዳቤሽም ከደረሰኝ ቆይቶ ስለነበር ሞተሽ ነው የደበቁኝ ብዬ አሰብኩ። አንድ ጥንድ አነሣሁ፤ ውስጡ 'ከኮርኔሊያ ፕሩት፣ ከፍቅር ጋር' የሚል ወረቀት አለው። ጣቱ ላይ ቋጠሮ ነበረበት። ጭቃ ውስጥ አሥር ቀን ሳናወልቅ ቆየን። ከግራ እግሬ ሦስት ጣት ቆረጡልኝ። ምግቡ ደህና ነው። በሕይወት ካለሽ ጻፊልኝ።»

ቪብከ ያንኑ ቀን ጻፈችለት። ዩርገን በጸደይ ሲመለስ ወይዘሮ ፕሩት በሰልፉ ላይ አበባ አንገቱ ላይ አጥልቀው «ካልሲያችን ደረሰህ?» አሉት። «ደረሰኝ» አለ።

ሃያ አራት ዓመት አለፈ። ሌላ ጦርነት መጣ። አንድ ቀን ወይዘሮ ፕሩት በከዘራ እየተደገፉ፣ ጥቅል ግራጫ ክር ይዘው የቪብከን በር አንኳኩ።

«ቪብከዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የልጅ ልጄ ዘምቶብኛል። እግሩ እንደ ሕፃን ስስ ነው። እንዳንቺ ካልሲ የሚሠራ የለም፣ ይህን እኔ ሁልጊዜም እናገራለሁ።»

«ለማን ነው የሚናገሩት?»

«ለሁሉም ነዋ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ያቺን ሰማያዊ ክር አስገቢለት። ፈልጋት ብዬዋለሁ» አሉ።

ቪብከ ፊታቸው ላይ እፍረት ፈለገች። የለም። እሷ ሃያ አራት ዓመት የተሸከመችውን እሳቸው አንድ ሳምንት እንኳ አልተሸከሙትም። ክሩን ግን ተቀበለች፤ በሁለት ቀን፣ በግራ እጇ ሠርታ ጨረሰች።

ወይዘሮ ፕሩት ካልሲውን ሊወስዱ ሲመጡ ዩርገን ባልዲ ይዞ እያነከሰ በግቢው ያልፍ ነበር።

«አቶ ክዊል ሳያነቡት ሊልኩት ነው?» አለች ቪብከ።

«ክዊል? እሱማ ከሞተ ቆየ።»

«ታዲያ ምን እንደጻፍኩበት በምን ያውቃሉ?»

ወይዘሮ ፕሩት ሳቁ። ዐይናቸው የዩርገን እግር ላይ ሲያርፍ ግን ሳቃቸው ቆመ። ካልሲውን አገላበጡት፤ ሁለት ገባ፣ ሁለት ወጣ። ሰማያዊዋን ክር በጥፍራቸው ነካኳት። ሳይሰናበቱ ወጡ።

በሳምንቱ ሜብል ስቶክስ መጣች፤ እርጅና አስታርቋቸው ነበር።

«ወይዘሮ ፕሩት ተረተሩት እኮ» አለች ሜብል። «በዐይኔ አየሁ። ራሳቸው መልሰው እየሠሩት ነው፣ ቋጠሮውም እንደ ድሮው ጣቱ ላይ ነው።»

«ሰማያዊዋስ?»

«እሷን ምድጃ ውስጥ ጣሏት።»

ቪብከ መርፌዎቿን አነሣች። ከዚያ የተረፈውን ግራጫ ክር ከቅርጫቱ አወጣች።

«የልጁን አድራሻ ፈልጊልኝ፣ ሜብል» አለች። «ሰማያዊ ክር ሲፈልግ ነው የሚሰነብተው።»