በሩ የተገለበጠ ፍሪጅ

እትዬ ከሰው እጅ ውሃ ለምና አታውቅም ነበር። አጋነንሽ የሚለኝ ካለ እሷን አያውቃትም ማለት ነው። ታላቅ እህቴ ናት፤ ቢቸና ከተማ መጠጥ ቤትና ጥቂት የመኝታ ክፍሎች ነበሯት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር ይላሉ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንደ እናትም ብትሆነኝ አንቱ እንድላት አልፈቀደችም። «አታስረጂኝ እባክሽ!» ትል ነበር። ታዲያ ሰው ቤት ሄዳ ውሃ ሲያቀርቡላት መልሷ አንድ ነው፤ «አሁን ጠጣሁ።» ከንፈሯ ደርቆ እያየነው፣ ከመንገድ ገብታ አቧራዋን ሳታራግፍ፣ «አሁን ጠጣሁ።»

ለምን እንደሆነ አንዴ ጠይቄያት ነበር። በልጅነቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ውሃ ስትጠይቅ እመቤቲቱ «መጀመሪያ ወርደሽ ቅጂ፣ ከዚያ ትጠጫለሽ» እያለች በጥም ታቆያት እንደነበር ነገረችኝ። ከምንጭ ተሸክማ መጥታም ጣሳውን የምትሰጣት እመቤቲቱ ናት፤ ስትፈልግ ግማሽ አድርጋ፣ ስትፈልግ ረስታው። እትዬ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ከዚያ ወዲያም አላነሳሁባትም።

ፍሪጁ የመጣው ጃንሆይ ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ደጀን በኩል መንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ይሸጣል ሲባል ሰማች፤ በጭነት መኪና ሄዳ ፍሪጁን አስጭና ተመለሰች። ቢቸና ያኔ መብራት የላትም፤ ፍሪጁ የሚሠራው በላምባ ነው። ከሥሩ እንደ ኩራዝ ያለ ትንሽ እሳት ይነድዳል፣ ከላይ ብርዱ ይወጣል። «እሳት እንዴት አድርጎ ያበርዳል?» ብሎ ያልተከራከረ አልነበረም። የቅኔ ተማሪዎች ሳይቀሩ ደጃፍ ቆመው ይሟገቱበት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን በሩ ላይ ያለው ቧንቧ ነው። ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ውሃ የሚሞላበት ታንክ አለ። ከታንኩ ቀጭን ጎማ ይወጣል፤ ጎማው በማጠፊያው በኩል ወደ በሩ ሆድ ይገባና ቧንቧው ላይ ያልቃል። በሩን መክፈት የለ፣ ጣሳ ደቅኖ መቅዳት ብቻ ነው። እትዬ ለማንም አታስነካውም። ለእንግዳው ራሷ ቀድታ «ጠጣ፣ ጥርስህን ይንቀልልህ!» እያለች ትስቅ ነበር። ከዚያ ለራሷ ቀድታ ቆማ ትጠጣለች። በዓይኔ ያየሁት ደስታዋ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ አላየሁባትም።

እኔ ያን ጊዜ ሞጣ ነኝ፤ ባለቤቴ እዚያ የወፍጮ ሞተር ይጠግናል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እንደተከፈተ አንድ ሹፌር ቤታችን ድረስ መጥቶ «እትዬሽን ግማሽ ጎኗን ይዟታል» አለኝ። ነጠላዬን ደርቤ በዚያው መኪና ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ ቢጨንቀው አምበር ገበያ የሚሄደውን ጤፍ ዋጋ ያወራኝ ጀመር። ማን ጠየቀው!

ስደርስ ቀኝ እጇም ቀኝ እግሯም አይንቀሳቀስም። አፏ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ንግግሯ ግን ደህና ነው። ከጓዳ አውጡኝ ብላ አልጋዋ ፍሪጁ ካለበት ክፍል፣ ከጠጪው አዳራሽ አጠገብ ተዘርግቷል፤ የጠጪውን ድምፅ ካልሰማች አይሆንላትም። ሠራተኛዋ ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች።

«አሁን ጠጣሁ» አለች እትዬ።

«ኧረ ወዲያ! ማን ሰጥቶሽ ነው የጠጣሽው?» አልኳት፤ ተናድጄ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችው። በኋላ ሠራተኛዋ እንደነገረችኝ፣ ውሃውን አጠገቧ አስቀምጠው ዞር ካሉላት ብቻ በግራ እጇ እየተንቀጠቀጠች ታነሳዋለች፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ይፈሳል። እህሉ ደግሞ ይብሳል። ግራ እጅ ለማዕድ አይዘረጋም፤ ቀኟ ደክሟል፤ ስለዚህ እንደ ሕፃን እያጎረሷት ነው። እትዬን! የቢቸናን ሰው ሁሉ ስታጎርስ የኖረችውን!

ያን ዕለት ማታ ፍሪጁን በአገጯ እያሳየችኝ «ያንን በር ወደኔ መልሱልኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጁ በአዳራሹ በርና በአልጋዋ መካከል ቆሟል። የበሩ ማጠፊያ በአልጋዋ ወገን፣ እጀታውና ቧንቧው ደግሞ በወዲያኛው ወገን፣ ያውም ለቆመ ሰው ደረት በሚሆን ከፍታ ላይ ነው። ከአልጋዋ አይደረስበትም። ፈረንጁ ሲሸጥላት ግን ይህ በር ተፈትቶ ቢገለበጥ በግራም በቀኝም እንደሚገጠም አሳይቷት ነበር። ከተገለበጠ ማጠፊያው ወደ አዳራሹ ይሄዳል፣ ቧንቧው ዝቅ ብሎ ወደ አልጋዋ ይመጣል። ተኝታ ስታየው ከርማ ሁሉንም በልቧ ሠርታዋለች። «ባልሽን ጥሪው» አለች። «ሲመጣም ከዚያ ከሞጣው ጠበል ይዞልኝ ይምጣ። ታንኩ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።»

ደስ አለን፤ ለምን እዋሻለሁ። ቤተ ክርስቲያን በዓመት በዓል ካልሆነ የማትስም ሴት በራሷ አንደበት ጠበል ስትጠራ ሰው ሁሉ «ልትድን ነው» አለ። ባለቤቴም ጠበሉን ጭኖ፣ መፍቻዎቹን በከረጢት ቋጥሮ መጣ። ቢራው ከፍሪጁ ወጣ፤ ከጠበል ጋር ቢራ ማስቀመጥ ነውር ነው። ጠጪው ሞቃት ቢራ እየጠጣ አጉረመረመ፤ እትዬ ግን ግድ አልሰጣትም።

ባለቤቴ በሩን ፈትቶ ገለበጠው፣ የቧንቧውን አፍ ወደ ታች መለሰው፣ ማጠፊያዎቹን ወደ ሌላው ወገን አዛወረ፤ በሩ ያለ ችግር ገጠመ። ያስቸገረው ጎማው ነው። ጎማው የተቆረጠው ለድሮው ወገን ነውና አዲሱ ማጠፊያ ዘንድ አይደርስለትም። ታዲያ የእኔ ሰውዬ ቸኩሎ በአጭሩ፣ በእጀታው በኩል አሻግሮ አስገባው። በሩ በተዘጋ ቁጥር ጠርዙ ጎማውን ይነክሰዋል፣ በተከፈተ ቁጥር ይስበዋል። ሳይውል ሳያድር አንጠበጠበ።

በሌላ ውሃ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ጨርቅ መጣል ነው። ጠበል ግን አይረገጥም። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ «ጠበል አስረገጣችሁኝ!» የሚል ጩኸት ስሰማ ሮጥኩ። እትዬ ግማሽ አካሏ ከአልጋው ወጥቶ፣ ግራ እጇን ዘርግታ ጠብታውን በመዳፏ ትቀበላለች። መዳፏ ሞልቶ ሲፈስ እያየች ታለቅሳለች። ከአዳራሹ የገባ ሰው ጫማ ምልክት እርጥቡ ላይ ታትሟል። ደግፌ መለስኳት፣ ሳህን ደቀንኩ፣ ከዚያ ባለቤቴ ላይ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ይመረምር ጀመር።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄዶ ከድሬሰሩ ግሉኮስ የሚሰጡበትን ጎማ ለምኖ መጣ። የድሮውን ጎማ በሱ ቀጥሎ ከታንኩ ጀርባ አዞረ፣ በውስጠኛው ግድግዳ አስጠግቶ አዲሱ ማጠፊያ ድረስ አመጣው፤ እዚያ ላይ ትንሽ አላልቶ ተወውና ወደ በሩ አስገባው። «በሩ የሚሮጠው በእጀታው ወገን ነው፤ ማጠፊያው ዘንድ ብዙ አይንቀሳቀስም። ጎማው መሄድ የነበረበት በዚህ ነው» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ነው የሚመስለው። በሩን ደጋግሞ ከፍቶ ዘጋው። ጠብ ያለ ነገር የለም። ከቧንቧው ሥር በርጩማ አስቀመጠ፤ ጣሳውን ለመያዝ ሌላ እጅ አያስፈልጋትም ማለት ነው።

እትዬ በትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ጣሳውን በርጩማው ላይ አኖረች። ቧንቧውን ከፈተች፣ ጠበቀች፣ ዘጋች። ጣሳውን በግራ እጇ አነሳችና ጠጣች፤ ብዙም አላፈሰሰችም። ጉንጯ ላይ እንባ ነበር። ጣሳውን አስቀምጣ ባለቤቴን አየችውና «አሁን ጠጣሁ» አለችው። እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ያን ቀን ድናለች ብዬ አምኜ ነበር።

ግን ጠበል የሚጠጣው እህል ሳይቀመስ ነው። መጀመሪያ ላይ ጠዋት ጠዋት ጠጥታ ቀትር ላይ ትበላለች፤ ከበላች በኋላ እስከ ነገ ቧንቧውን አትነካም። ከሰዓት በኋላ ሲጠማት ዓይኗ ቧንቧው ላይ ይቀራል። «ከእንስራው ልቅዳልሽ?» ስላት ያቺኑ መልሷን ትሰጠኛለች። ቆይታ ምሳውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋችው። ቆይታ ወደ ማታ። ከዚያ ደግሞ «አልራበኝም» ማለት ጀመረች። እኛ የዋሆቹ ሱባኤ ያዘች ብለን ዝም አልን። ሠራተኛዋ ትራሷን ስታነሳ የደረቀ እንጀራ እስክታገኝ ድረስ ዝም አልን። ያጎረስናትን ዘወር ስንል ከአፏ እያወጣች ትደብቀው ነበር።

የንስሐ አባቷን አስጠራሁ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ አጠገቧ ተቀምጠው «ልጄ፣ ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ብዪ፣ ከበላሽም በኋላ ጠጪ። እግዚአብሔር አይቆጣሽም» አሏት።

«አባ፣ እኔኮ በሽተኛ አይደለሁም» አለቻቸው። «እጄ ነው የደከመው።»

እሳቸው ሲወጡ እኔ ፈነዳሁ። «ጠበሉን አውጥቼ ተራ ውሃ እሞላበታለሁ! እየገደልሽን ነው!» አልኳት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ልጅነቴ ጊዜ ስሜን ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦ «ስሚኝ። ውሃዬን እኔ ነኝ የምቀዳው። እህሉን ግን እናንተ ናችሁ የምታጎርሱኝ። ከሁለቱ አንዱን ያዥ ካልሽኝ የምይዘውን ታውቂያለሽ። ጠበል ባይሆን ብዪ ብዪ እያላችሁ መቼ ትተዉኝ ነበር?»

እትዬ ፈውስ ፈልጋ አልነበረም። ከጉርሻችን የሚያስጥላት፣ እኛም ደፍረን የማንከራከረው ነገር ስትፈልግ ነው ጠበሉን ያገኘችው። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እግሯን ያዝኩ። ማድረግ የቻልኩት ይህን ብቻ ነበር።

እየመነመነች ሄደች። ጣሳውን መሙላት ሲያቅታት ግማሽ ትቀዳለች፤ ግማሽ ሲያቅታት አንድ ጉንጭ ያህል። አንድ ቀን ማለዳ፣ አዳራሹ ሳይከፈት፣ ዓይኗን ገልጣ «ውሃ ስጪኝ» አለችኝ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ጣሳውን አንስቼ ወደ ቧንቧው ዞርኩ።

«ከሱ አይደለም» አለች። «ከእንስራው።»

ከእንስራው ቀዳሁ። ራሷን በክንዴ ደግፌ ጣሳውን ከንፈሯ ላይ አስጠጋሁ፤ ከእጄ ጠጣች። ጥቂት ተጎነጨችና አረፍ ብላ «እህል ካለም አጉርሺኝ» አለች። ልቤ እንዴት እንደዘለለ! ከሌማቱ ቆርሼ፣ በሽሮ ነክሬ፣ ትንሽ አድርጌ አጎረስኳት። ልታኝከው ሞከረች። አልቻለችም። ጉርሻው ጉንጯ ውስጥ ቀረ፤ እንዳያንቃት በጣቴ መልሼ አወጣሁት። «ይቅርታሽን፣ ዘገየሁ» አለችኝ። ረፋዱ ላይ እጄ ላይ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤቴ ጎማውን ፈትቶ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ጠበል በጀሪካን ቀዳው፤ ወስደን እግር በማይደርስበት ዛፍ ሥር አፈሰስነው። ፍሪጁን የገዛው የሞጣ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጥ ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ደግ ሰው። በሩ ለሱቁ እንዲመቸው እንደ ድሮው ይሁንልኝ አለ። ባለቤቴ ሄዶ በሩን መልሶ ገለበጠው፣ የድሮውን ጎማ በድሮው መንገድ አስገባው። ቧንቧው ተመልሶ ለቆመ ሰው ደረት ሆነ።

ገበያ ስወጣ መንገዴ በዚያ ነው። ሰውዬው ከሩቅ ሲያየኝ ጣሳውን አንስቶ «እመቤት፣ ፀሐይ ነው፣ ግቢና ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪ!» ይለኛል። ጉሮሮዬ ደርቆ ይሆናል፤ ዕቃው ከብዶኝ ይሆናል።

«አሁን ጠጣሁ» እለዋለሁ፤ አልፌም እሄዳለሁ።